በአንድ ትንፋሽ ስንት ቃል

የዋና መነጽሬ ቀኝ ዓይኑ ተጭሯል።
ጥቅምት ላይ ነው፣ ጸደይ ሲገባ፤ አደባባዩ በጭስ ታፍኗል፤
ነጭ ቲሸርት ላይ በጥፍር ቀለም መስቀል ስለን፣
ሶዳ የተበጠበጠበት ውሃ በጠርሙስ ይዘን፣
ከቫልፓራይሶ ዳገት ቁልቁል ወርደን
የማናውቀውን ሰው ዓይን አጠብን።
ማንም አላስተማረንም፤ እጃችን ቀደመን።
አንዱ ግድግዳው ላይ «ክብር» ብሎ ሊጽፍ ጀምሮ
የመጨረሻዋን ፊደል ትቷት ሮጠ፤
ቀለሙ ብቻውን ቁልቁል ፈሰሰ፣
ቃሉን ሊጨርስ የፈለገ ይመስል።

መጋቢት ላይ ያው መነጽር፣ ከነጭረቱ፣
ለሌላ ነገር ተፈለገ።
የአናቶሚው አዳራሽ በሰንሰለት ታሸገ፤
ሬሳዎቹ ፎርማሊን ውስጥ ያለ ተማሪ ቀሩ።
ዶክተር ኦሲዬል ባራዎና፣
ሠላሳ ዓመት «ሰባት ቁጥር አልጋ»፣ «አሥራ አንድ ቁጥር አልጋ» ሲል የኖረ፣
ስልኬ ውስጥ አውራ ጣት አክሎ ቀረበ፤
የጭን አጥንት ወደ ካሜራው አስጠግቶ
«ይታያችኋል?» አለ።
የታየን ጣሪያው ነበረ።

ደረት ማንኳኳት የተማርኩት በአከራዬ ነው።
ዶኛ ኤልሲራ ወንበር ገልብጣ ተቀመጠች፣
ሹራቧን እስከ ትከሻዋ ሰበሰበች፣
«ቀስ በይ፣ በር አይደለሁም» አለች።
ሳምባው ላይ እንደ ባዶ በርሜል፣
ዝቅ ሲል እንደ ሙሉ።
ጣቴ ድንበሩን ሲያገኝ ጮህኩ።
«ጉበቴን ካገኘሽ
የወሩን ኪራይም ፈልጊልኝ» አለች።

ከዚያ ስልክና የስም ዝርዝር ሰጡን። አርባ ሰው።
እጅ የለም፣ ጆሮ ብቻ።
«ትንፋሽ በስልክ አይታይም» አልኩት ባራዎናን።
ዝም አለ፣ ወይ መስመሩ ተቋረጠ።
«አስወሪያቸው። ቃሉን ቁጠሪ።
በአንድ ትንፋሽ ስንት ቃል?
ከመጽሐፍ አይደለም። እናቴ አስም ነበረባት፤
የምንሮጠው ስትስል አልነበረም፣
ወሬዋ ሲያጥር ነበር።»

ዶን ሬካሬዶ፣ ሰባ አንድ ዓመት፣ ዓሣ አጥማጅ የነበረ።
ሰኞ፣ የጀልባዎችህን ስም ንገረኝ አልኩት።
«ላ ፖርፊያዳ፣ ሳንታ ኡርሱላ፣ ኤል ጓይራቮ፣
ከዚያ ያቺ ሰማያዊዋ፣ አማቼ ሰክሮ የሸጣት፣ ስሟን መጥራት አልፈልግም»
አለና በዚያው ትንፋሽ ሳቀ።
ሐሙስ፣ «ላ ፖርፊያዳ፣ ሳንታ ኡርሱላ»
አረፈ።
«ኤል ጓይራቮ።»
ዓርብ
«ላ»
አለ።

«ፖርፊያዳ።»

አምቡላንሱ ከደረጃው ሥር ቆመ፤ ዳገቱ አያስወጣም።
የጥቅምት ልጆች ወጡለት፤
ድንጋይ የመከቱበትን የእንጨት ጋሻ
ቃሬዛ አድርገው፣ መቶ አርባ ደረጃ፣
እየተቀባበሉ አወረዱት።
ከጋሻው ጀርባ ላይ የሆነ ሰው በቀለም የሳለው ዓይን ነበር፤
ዶን ሬካሬዶ የተኛበት በዚያ ላይ ነው።

ፈተናው ሐምሌ ላይ፣ በዚያው ስልክ ሆነ።
«ወንድ፣ ሰባ አንድ ዓመት፣ ሦስት ቁጥር አልጋ» ብዬ ስጀምር
ባራዎና እጁን አነሳ።
«ስሙ ማን ነው?»
ነገርኩት። ሲጽፍ ታየኝ፣
እንደ አዲስ ተማሪ፣ ፊደል በፊደል።
በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሰባት ቁጥር አልጋ ላይ የተኙት ስንት ይሆኑ?
አልጠየቅሁትም።
ከኋላው የጎረቤት ውሻ ይጮሃል።
«ቀጥይ» አለ።

ስንት ማርክ እንዳገኘሁ ረስቻለሁ።
ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ዕቃ እያጠብኩ፣
የማላውቀው ቁጥር ደወለ።
ሰላምታ የለም። የሻከረ ድምፅ፣
ቱቦ የወጣበት ጉሮሮ፦
«ያቺ ሰማያዊዋ ጀልባ ስሟ ኤርሲሊያ ነበረ።»

ስድስት ቃል፤
መሃሉ ላይ አንድ ሳል።